የእታለም ዘይነብ አምባዛዎች

ባለፈው ሐምሌ ጥርሴን ልታከም የገባሁበት ክሊኒክ፣ እንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ አንድ የዓሣ ሳጥን ነበር። መጀመሪያ የደረሰኝ ድምፁ ነው፤ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው አየርና ከሥሩ የትንሿ ሞተር እምምታ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ለዓሦቹ ምግባቸውን በተነችላቸውና፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የቀረውን አንዱን ጥቁር ዓሣ ወረፋ ለሚጠብቅ ሕፃን እያሳየች «ይሄኛው ቆሻሻ ነው የሚበላው፤ ምንም ስጡኝ አይልም» አለችው። የጥርሴን ሕመም ረሳሁት። ተነስቼ ሄጄ ጎንበስ ብዬ የዓሣውን ሆድ ከሥር አየሁ። ሞላ ያለ ነው፣ ደህና ነው። ወደ ወንበሬ ስመለስ ልጅቷ ምን ሆነች ብላ አየችኝ።

እንዲህ ያለውን ዓሣ ባየሁ ቁጥር የማስባት ዘይነብን ነው። በስሟ ብቻ ጠርቼያት አላውቅም፤ እታለም ነበር የምላት፣ ያስለመደችኝም ራሷ ናት።

አባቴ ከዶሃ ምዕራብ፣ ረያን ውስጥ፣ ለአንድ የኳታር ቤተሰብ ሾፌር ነበር። የቤቱን ጌታ ባባ፣ እመቤቲቱን ማዳም እንላቸዋለን። እኛ የምንኖረው ከቪላው ጀርባ፣ ከግቢው አጥር ጋር በተያያዘች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የዓለም ዋንጫው ገና ሩቅ ነበር፤ ከተማው በሜትሮ ቁፋሮ ታጥሮ አባቴ በየሳምንቱ አዲስ መንገድ ያጠና ነበር። ያን ክረምት እናቴ ወንድሜን ልትወልድ አዲስ አበባ ሄዳለች። እኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በነሐሴ ረያን ውስጥ ልጅ ደጅ አይጫወትም፤ የግቢው በር እጀታ እንኳ በባዶ እጅ አይያዝም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ሠራተኛ ከእታለም ዘይነብ ኋላ ኋላ እል ነበር።

የወሎ ልጅ ናት፤ ከሐይቅ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀጠን ብላ ቁመቷ መለል ያለ። እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ የጣቶቿ ጫፎች ተሰነጣጥቀው በየምሽቱ ቫዝሊን ትቀባቸዋለች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ጥጉ በተሰነጠቀው ስልኳ መንዙማ ከፍታ፣ ያን ሁሉ እብነ በረድ በጉልበቷ እየሄደች ትወለውላለች። ስትቀልድ ፊቷ አይስቅም፤ ነገሩ ቀልድ መሆኑ የሚገባህ እሷ ወደ ሌላ ክፍል ካለፈች በኋላ ነው። ማዳም ነጭ ሶፍት ጣቷ ላይ ጠቅልላ የበሩን አናትና የስዕሎቹን ጀርባ የመጥረግ ልማድ ነበራት። ሶፍቱ ነጭ እንደሆነ ሲመለስ ዘይነብ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። እኔ በነበርኩበት ዘመን አንድም ቀን ቆሽሾ ሲመለስ አላየሁም። የኮራችበት ነገር ይሄ ነበር፤ በኋላ ጉድ የሠራንም እሱ ነው።

አምባዛዎቹ የመጡት ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ ውጭ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ማዳም ሳሎኑ ውስጥ ካሉት ስድስት ብርቱካናማ ዓሦች ሌላ መስታወት የሚያጸዳ ዓሣ አለ ሲሏት ሰምታ፣ ከሱቅ ዋቂፍ የእንስሳት ሻጮች መንደር ሁለቱን ገዝታ መጣች። አባቴ ኤሲውን ወደ ኋላ ወንበር አዙሮ፣ በውኃ የተነፉትን ፌስታሎች እንዳይንገላቱ ቀስ ብሎ እየነዳ አደረሳቸው። ቁመታቸው የሌባ ጣት ያህል ነው። ጥቁር ሆነው ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ቆዳቸው ሻካራ፣ አፋቸው ከአገጫቸው ሥር የተገለበጠ። ፌስታሎቹን እንደታሰሩ ሳጥኑ ላይ አንሳፈፍናቸው፤ ከዚያ ዘይነብ በቡና ስኒ እየቀዳች የሳጥኑን ውኃ ጥቂት በጥቂት ጨመረችላቸው። ሲለቀቁ አንዷ ቀጥ ብላ ሄዳ መስታወቱን በአፏ ያዘችው። ሁለተኛዋ፣ ያነሰችው፣ ከእንጨቱ ጀርባ ገብታ ተደበቀች።

ዘይነብ ሁለቱንም አየት አድርጋ ወደ አባቴ ዞረች። «ጋሼ አበራ፣ ማዳም ሁለት ኸዳማ አስመጣችልኝ እኮ። ያውም ያለ ኢቃማ።»

እዚያ ኸዳማ የሚሉት የቤት ሠራተኛን ነው፣ ኢቃማ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድን። አባቴ ስቆ ስቆ ሊሞት። እኔም ሳቅኩ።

ሊሄዱ ሻንጣው መኪና ላይ ሲጫን ማዳም ዘይነብን ሳሎን ጠራቻት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። «ባለፈው ዓመት የነበረችው ልጅ ሩዝ እየጣለች ዓሦቼን ፈጀቻቸው» አለቻት። «ለትንንሾቹ ከደረቁ ምግብ በቀን አንድ ቁንጥር። እነዚህ ሁለቱ ቆሻሻ ነው የሚበሉት፤ ምንም እንዳትሰጪያቸው። መስታወቱ ይብራ። ስመለስ ሁሉንም ደህና ካገኘኋቸው ባባ ኸሩጅሽን ይፈርማል፤ ያላ፣ ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ።»

ኸሩጅ የሚሉት ከአገር መውጫው ፈቃድ ነው። ያኔ አሠሪ ካልፈረመ ሠራተኛ ኤርፖርቱን አያልፍም። ዘይነብ እናቷን ካየች አራት ዓመቷ ነበር። የእማማ ዘሃራ ዓይን ከወር ወር እየደከመ ሄዷል፤ ሐኪሙም ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። በኢሞ ሲደዋወሉ አሮጊቷ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው «ትንሽ ትንሽ ትታዪኛለሽ። ሳይጨልምብኝ ነይልኝ» ይሏታል። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ማዳም ያን ስትናገር የዘይነብ ዓይን እንዴት እንደበራ አልረሳውም። «ኢንሻአላህ ማዳም፣ ኢንሻአላህ» ብላ የማዳምን ትከሻ ሳመች።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ዘይነብ ሥራዋን ሁሉ ወደዚያ ሳጥን አዞረች። ጠዋት ጠዋት ክንዷን እስከ ብብቷ እየነከረች መስታወቱን አራቱንም ጎን በስፖንጅ ትፈትገዋለች፤ እንጨቱን እያወጣች፣ ድንጋዩን እያገላበጠች ታጥባለች። ለማጠቢያ ሳሙና እንደማይሆን ታውቃለች፤ የቧንቧ ውኃም በቀጥታ እንደማይጨመር ማዳም አስጠንቅቃታለች። ውኃው በረኪና አለበት፤ በዚያ ላይ በነሐሴ ከጣሪያው ታንከር የሚወርደው ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው። እኔን ኃላፊ አድርጋ ሾመችኝ፦ ሁለት ባልዲ ከቧንቧ ሞልቼ ሳሎኑ ቅዝቃዜ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ማሳደር፣ በማግስቱ እሱ ሲጨመር እንደገና መሙላት። ሹመቱን ወደድኩት። ለአባቴ ሁለቴ ነገርኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ትልቋ አምባዛ መደበቅ አበዛች። ትንሿ ደግሞ ቀለሟ ገረጣ፤ ጥቁረቷ አመድማ ሆነ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ትንሿ ወጥታ ፊት ለፊታችን መስታወቱ ላይ ተለጠፈችና ዘይነብ የሆዷን ሥር አየችው። ስፖንጁ ከእጇ ወደቀ።

«ሶስና፣ ነይ እዪ። ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል።»

አየሁ። ሆድ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ጎድጓዳ ነው ያለው።

«በድርቅ ጊዜ የፍየል ግልገል እንዲህ ይሆናል» አለች። ቁጢጥ ብላ ሳጥኑን ከዳር እስከ ዳር አየችው። «ቆሻሻ ነው ምግባቸው ተባለ። እኔ ደግሞ አንዲት ቅንጣት ቆሻሻ አላስቀረሁላቸውም። ያ ረብ፣ እኔ ነኝ ያስራብኳቸው!»

ያኔ ነው ሚስኪኗ የሚል ስም ያወጣችላት። ወዲያው ለማዳም የድምፅ መልእክት ላከች፤ በተሰባበረ ዓረብኛዋ ዓሦቹ እንደራባቸው፣ ትንሽ ምግብ ልስጣቸው ወይ ብላ ለመነች። መልሱ በማግስቱ መጣ፣ አጭር ነው። ምንም እንዳትሰጪ ብያለሁ፣ ሻጩ ነግሮኛል፣ መስታወቱን አጽጂ፣ የምመለስ ቀን እንግዶች አሉኝ። ዘይነብ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማችው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው ይሄ ነው። ብትመግባቸው ትእዛዝ ጣሰች፤ ባትመግባቸው ይሞታሉ፤ በሁለቱም በኩል የሚቀረው የእናቷ መንገድ ነው።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። የአባቴ ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው፤ ይሄን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። «ዘይነብ፣ እንደታዘዝሽ አድርጊ። ቢሞቱ ትእዛዙ የሷ ነው። ምግብ ሰጥተሽ ከሞቱ ግን ባንቺ ነው የሚላከከው» አላት።

«ጋሼ፣ ነፍስ እኮ ነው። ቆሜ በረሃብ ሲያልቅ ልይ?»

«ዓሣ ነው!»

«ዓሣም ቢሆን። ሱቅ ዋቂፍ ውሰደኝ። ሰውዬውን በአፌ ልጠይቀው፣ ኸላስ።»

ሳይታዘዝ መኪና ማንቀሳቀስ ለአባቴ ትልቅ ድፍረት ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመኪና ማሳጠብ ሰበብ ሦስታችንም ሄድን፤ መንገድ ሙሉ በመስታወቱ ኋላ ኋላውን ሲያይ ትዝ ይለኛል። በቀቀኖቹንና ጥንቸሎቹን አልፈን የዓሣ ሻጩ ጋ ደረስን፤ ሸምገል ያለ ሕንዳዊ ነው። ዘይነብ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። መስታወቱን ማን እንደሚያጸዳ ጠየቃት። እኔ ነኝ አለችው። በስንት ጊዜ ሲላት፣ በየቀኑ፣ አለች በኩራት፤ በዚህ ሁሉ ጭንቅ መሃል እንኳ በኩራት ነው ያለችው።

ሰውዬው ግንባሩን ያዘ። «እህቴ፣ ሹግሉን፣ ሥራውን ቀማሽው እኮ! አንቺ ከጠረግሽ እሱ ምን ይብላ?»

ከዚያ አስረዳት። ዝኩኒ በቀጭኑ ቆርጦ፣ ጨው ሳይነካው ለአፍታ የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ማንኪያ ላይ ሰክቶ ወደ ታች ማስመጥ። እነዚህ የጨለማ በሊታዎች ናቸው፤ መብራት ባለበት ከምግብ አይቀርቡም። የተረፈውን ሳይበሰብስ ቶሎ ማውጣት ነው፤ ከበሰበሰ ውኃውን ያበላሻል። የጀርባውንና የጎኑን መስታወት አረንጓዴውን አለመንካት። «ቆሻሻ ብቻውን ማንን አጥግቦ ያውቃል?» አለ ሲሸኘን።

አባቴ ከጨለመ በኋላ በትልቁ ቤት እንድቆይ አይፈቅድልኝም ነበር። ዘይነብ መላ ዘየደች፤ ጨለማውን ወደ ቀን አመጣችው። ሳሎኑን መጋረጃ ዘጋጋች፣ ሳጥኑን በጥቁር አባያዋ ሸፈነችው። ሁለታችን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ሞተሩን እያዳመጥን ጠበቅን። ከወጥ ቤት የተቀቀለ ዝኩኒ ይሸታል፤ ጨው የሌለው፣ የታማሚ ምግብ የሚመስል ሽታ። በመጀመሪያው ቀን አልነኩትም። በሁለተኛውም አልነኩትም። አባያውን ስንገልጥ ዝኩኒው እንዳለ ነው፤ ዘይነብ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አፏን በእጇ ትይዛለች። ቤተሰቡ ሊመለስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። «ማንኪያው ይሆን እንዴ ያስፈራቸው?» ትለኛለች፤ ጠያቂዋ እኔ ልሁን እሷ ግራ ገባን። በሦስተኛው ቀን አባያውን በአንድ ጥግ ገለጥ አድርጋ አጮለቀችና ክንዴን ጭምቅ አደረገችኝ። ትልቋ ዝኩኒው ላይ ወጥታበታለች። ሚስኪኗ ከጎን ቀስ ብላ እየመጣች ነበር።

«እልል እንዳትዪ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ የራሷ ዓይን እንባ ሞልቷል።

ከዚያ ወዲያ ትልቁ መከራዋ መስታወቱን አለመንካት ሆነ። ጀርባው አረንጓዴ እየለበሰ ሲሄድ ልቧ ይቆስል ነበር። አንድ ጊዜ ሳታውቀው ስፖንጁን አንስታ እጇ ውኃው ላይ ሲደርስ እንደ ባነነች ሰው መልሳ አስቀመጠችው። «ሹግሏን አልቀማትም፣ አልቀማትም» እያለች ወጥ ቤት ሄዳ የተወለወለ ምድጃ እንደገና ወለወለች። እናቷ ሲደውሉላት ስለ ሚስኪኗ ሆድ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ስለሚገዛ ከብት እንደሚጠይቁ ሁሉ «ዛሬስ ደለበች?» ይሏታል። ሆዷ በእርግጥም እየሞላ፣ ጥቁረቷም እየተመለሰ ነበር። ዘይነብ ለእናቷ ከሱቅ የዓይን ጠብታና አንድ ቀይ ሻርፕ ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ አስቀመጠች። ቀይ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ደማቅ ቀለም ይታያቸዋል አለችኝ።

የመመለሻው ቀን ደረሰ። አውሮፕላኑ ከመግሪብ ሶላት በፊት ያርፋል፤ አባቴ ቀደም ብሎ ወደ ኤርፖርት ወጥቷል። ውኃው ባለፈው ቀን ሳይወጣ ባደረ ዝኩኒ ትንሽ ደፍርሷል። ዘይነብ ላይ ቤት አልጋዎቹን ልታነጥፍ ስትወጣ «ሶስናዬ፣ የትናንቱን ሁለት ባልዲ በስኒ እየቀዳሽ ቀስ አድርገሽ ጨምሪ፤ ስወርድ የፊቱን መስታወት እወለውላለሁ» አለችኝ።

የትናንት ባልዲ አልነበረም። ከአንድ ቀን በፊት ካርቱን ሳይ መሙላቱን ረስቼ ነበር። ሁለቱም ባልዲዎች ባዷቸውን ተቀምጠዋል፣ አንደኛው ውስጥ ስፖንጅ አለ። ሄጄ ረሳሁ ብላት ምን ነበረበት? ምንም። ተቆጥታኝ አታውቅም፤ ያኔም አትቆጣኝም ነበር። ግን ሹመቴን አፈርኩበት። ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጬ ሁለቱንም ሞላሁ። እጀታው እጄን ሲለበልበኝ ታውቆኛል፤ የውኃው መሞቅም ታውቆኛል። በስኒው ብጀምር እንደማልጨርስ ሳስብ ደግሞ አንዱን ባልዲ እንዳለ አንስቼ ገለበጥኩት። ሚስኪኗ ልክ ከሥሩ፣ ከላይኛው ጠርዝ ላይ ተለጥፋ ነበር።

ዘይነብ ስትወርድ ትንንሾቹ ከታች ተሰብስበው ይርገበገባሉ፣ ሚስኪኗ በጀርባዋ ተንሳፍፋለች። እጇን ስትከት አየኋት። «ያ ረብ!» ብላ ሮጠች፤ የመጠጥ ውኃውን ትልልቅ ጋሎኖች አንድ በአንድ እየጎተተች ታቀዘቅዘው ጀመር። ሦስት ጋሎን ጨረሰች። ሚስኪኗን በመዳፏ ይዛ ሞተሩ ውኃ በሚተፋበት በኩል አፏን እያስጠጋች፣ እየተማጸነች፣ እያባበለች ቆየች። አሥር ደቂቃ ይሁን አንድ ሰዓት አላውቅም። ሚስኪኗ አልተነሳችም። ያን የመሰለ የሞላ ሆድ ይዛ ሞተች።

ዘይነብ ከዚያ ገና እንደሞላ ወደነበረው ሁለተኛው ባልዲ ሄደች። የባልዲውን ጎን ዳሰሰችው።

«ሶስና፣ ይሄ የትናንቱ ውኃ ነው?»

«አዎ፣ የትናንቱ ነው።»

እጇን ከባልዲው ላይ አላነሳችም። ፊቷን አየሁት፤ ፊቷ ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለታችንም እያወቅን ዝም አልን።

የመኪናው ጥሩምባ በር ላይ ጮኸ። ማዳም ሽቶዋንና የጉዞ ድካሟን ይዛ ገባች፤ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ነው የሄደችው። የደፈረሰ ውኃ፣ አረንጓዴ ጀርባ፣ ማንኪያ ላይ የተሰካ የዝኩኒ ልጣጭ፣ ጨርቅ ላይ የተኛች የሞተች አምባዛ። ባባ ከኋላዋ ቆሟል። አባቴ ሻንጣ እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ።

«ማን ነው ይሄን ያደረገው?»

የአባቴን ፊት አየሁ። የዘይነብን አየሁ።

«እኔ ነኝ፣ ማዳም» አለች ዘይነብ። «ዝኩኒ ሰጠኋቸው። ውኃውም በኔ እጅ ነው የተበላሸው።»

ማዳም አልጮኸችም፣ ክፉም ሴት አልነበረችም። ደክሟታል፣ እንግዶቿም ሊመጡ ነው። «ነግሬሽ ነበር» ብቻ አለች። ከዚያ ወደ ደረጃው እየሄደች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ኸሩጁ ሌላ ሠራተኛ እስክትመጣ ይቆይ አለች። ባባ ወደ ዘይነብ አየት አድርጎ የእመቤቲቱ ጉዳይ ነው በሚል አኳኋን እጁን ዘረጋ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሌላ ሠራተኛ የመጣችው ከሰባት ወር በኋላ ነው።

በእነዚያ ሰባት ወራት አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘይነብ ከእናቷ ጋር በኢሞ ስትነጋገር አጠገቧ ነበርኩ። እማማ ዘሃራ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ብርሃኑ ስልኩን ነጭ አድርጎታል። «እናንተ፣ መብራቱን አብሩልኝ እንጂ! ልጄ እኮ ናት፤ በጨለማ እንዴት ልያት?» አሉ አጠገባቸው ላሉት። ዘይነብ ስልኩን ወደ ደረቷ አዞረችው። ከዚያ መልሳ አንስታ «አብርተውታል እማ፣ እኔ ታይተሽኛል» አለቻቸው። እኔ ተነስቼ ወደ ቤታችን ሮጥኩ፤ አልጋዬ ሥር ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ያን ቀን መናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ስትሄድ ቀዩን ሻርፕ ሻንጣዋ ውስጥ አየሁት፤ አላወጣችውም። ትልቋን አምባዛ ለእኔ አስረከበችኝ። «ሆዷን ከሥር እያየሽ» አለችኝ፤ ግንባሬን ሳመችኝና አባቴ ወደ ኤርፖርት ወሰዳት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኜ፣ እስከምንሄድ ድረስ መገብኳት። አንድ ስንዝር ሆነች።

አባቴ ሥራውን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ዕቃ ስናስር፣ እሱ የማያውቀው መስሎኝ ነገርኩት። ባልዲውን፣ ቧንቧውን፣ ውሸቴን። ካርቶን ላይ ፕላስተር እያጣበቀ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «የዚያን ዕለት ማታ ነግራኛለች። ማዳም ብትሰማ እኔም ከሥራዬ፣ እናንተም ከዚህ ቤት እንባረር ነበር። ልጅቷን እንዳትቆጣት፣ እንዳወቅክም እንዳታሳውቃት ብላ አስማለችኝ።» ፕላስተሩን በጥርሱ በጠሰው። «እኔም ዝም አልኩ፣ ሶስና። ትልቅ ሰው ሆኜ ዝም አልኩ። አንቺ ልጅ ነበርሽ።»

አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ ቁጥሯን ከአባቴ ስልክ ላይ አውጥቼ ደወልኩ። የምለውን በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ አስምሬበታለሁ። ዘይነብ ድምፄን ስትሰማ እልል አለች። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ወንድሜ ጠየቀችኝ፣ ስለ ትልቋ አምባዛ ጠየቀችኝ። እታለም፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። «ቆይ፣ ቆይ፣ እናቴ እዚህ ናት፤ ስላንቺ ስንት አውርቼላት! ሰላም በያት» ብላ ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ሶስና ነሽ?» አሉ እማማ ዘሃራ፣ ቀጭን በሆነ በደከመ ድምፅ። «ያቺ ከልጄ ጋር ዓሣ ታበላ የነበረችው? ሰምቻለሁ፣ ሁሉን ነግራኛለች። በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሆን ያደረግሽልኝ ልጄ። የኔን ዓይን አላህ ወሰደው፤ ላንቺ ግን ብርሃን ይስጥሽ፣ ያሰብሽውን ለማየት ያብቃሽ።»

ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። አሜን አልኳቸውና ወረቀቱን አጣጠፍኩት።